ከመቀነት እስከ ኪስ፦ የሐበሻ ሴት ልብስና ገንዘቧ

የሐበሻ ቀሚስ በተለምዶ ኪስ የለውም። የሴቷ ባንክ መቀነቷ ነበር። መቀነት ወገብ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጠም ረጅም ጨርቅ ነው። እናቶቻችን ብሩን ጫፉ ላይ ቋጥረው ወደ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጉታል። ልጅ የደብተር መግዣ ሲጠይቅ ቋጠሮው ቀስ ተብሎ ይፈታል፤ ከጠበቀም በጥርስ። ባል የማያውቀው ብር ካለ የሚገኘውም እዚያው ነው።

ያ ብር ብዙ ጊዜ ከዚያው ከልብሱ የመጣ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። ሽመናው ግን በአብዛኛው የወንድ ነው፤ ሽሮሜዳን ያስከበሩት የዶርዜ ሸማኔዎችም ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ስሙ የወጣለት ሸማኔው ነው። «እናቴ ፈትላ አሳደገችኝ» የሚል ሰው ግን ስንት አለ!

ነጠላም ይናገራል። ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ለሥራ ወይም ለአክብሮት ይደገደጋል። አለባበሷን አይቶ የት እንደምትሄድ መገመት ይቻላል።

ከተማው ሲለወጥ ልብሱም ተለወጠ። ሴቶች ቢሮና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጉርድ ቀሚስና ሚኒ መጣ። በ1960 ዓ.ም. መጋቢት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ ወደ ረብሻ ተለወጠ። ተቃዋሚዎቹ የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው አሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር ነው። የወንዱ ሱፍና ከረባትም የመጣው ከዚያው ነበር፤ የተለካው ግን የሴቷ ጉርድ ብቻ ነው። ጂንስ ሱሪ ለባሿም በኋላ ብዙ ሰምታለች።

ሕጉም ከልብሱ ብዙ አልቀደመም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ የጋራ ንብረታቸውንም በጋራ ማስተዳደር ጀመሩ። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፤ በየቤቱ ገና ብዙ ይቀራል።

ዛሬ የሐበሻ ልብስ ዲዛይን የሚያደርጉና የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም የአገር ቤት ሸማኔዎችን ሥራ ለውጭ ገበያ አቀረበች። ጥለቱ የታተመበት ርካሽ የውጭ ጨርቅም ገበያውን አጥለቅልቆታል። ለገዢዋ ቀለለ፤ ለፈታይዋና ለሸማኔው ግን ከበደ።

ቀሚሱ ጎን ላይ ኪስ የሚያሠሩም አሉ፣ ለስልክ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ብሩም ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጉሊት የምትቸረችረዋ እናት ግን መቀነቷን አልፈታችም። ስልኩንም እዚያው ሸጉጣዋለች።