«ያለጊዜው ተወለደ» የሚባለው በስንት ሳምንት ነው?

ብዙዎቻችን ያለጊዜው ተወለደ ሲባል የሚታየን የሰባት ወር ልጅ ነው። በሕክምናው ግን 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። «ሳይሞላው» የሚለው ይሰመርበት፦ 36 ሳምንት ከ6 ቀን ያለጊዜው ነው፣ ድፍን 37 ግን አይደለም። በአንድ ቀን ልጁ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይመጣም፣ መዝገቡ ላይ ግን ዓምዱ ይለወጣል።

ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው እንጂ ከተፀነሰበት ቀን አይደለም።

እኛ ጋ ደግሞ ጳጉሜን አለች። እርግዝና በ280 ቀን ሲሰላ በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባዋን መስከረም 1 ያየች ሴት ሰኔ 11 ትጠበቃለች። ጥር 1 ያየችው ግን መሃል ላይ ጳጉሜን ስላለችባት 9 ወር ላይ 5 ቀን ብቻ ተደምሮ ጥቅምት 6 ይሆንላታል (ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን)። ይህን ረስቶ ዝም ብሎ 10 የደመረ ባለሙያ ቀኑን በ5 ቀን ያርቀዋል፣ ያኔ 37 ሳምንት ከ2 ቀን የሆነው ልጅ 36 ከ4 ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ሲጠራቀም ያለጊዜው ተወለዱ የሚባሉት ልጆች ቁጥር ያለአግባብ ያብጣል። ቀኑን የማታስታውስ እናትም ሞልታለች፤ በእርግዝናው መጀመሪያ የሚታይ አልትራሳውንድ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ክብደትም አያሳስታችሁ። ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ አይደለም፤ ጊዜውን ጨርሶ ማህፀን ውስጥ በደንብ ያላደገም አለ። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሪፖርት ካያችሁ ጠርጥሩ።