ራንሰምዌር ምንድን ነው? መብራት መጥፋት ያተረፈው ኩባንያ

ኮምፒውተሩ ይነሳል። ዴስክቶፑም እንደወትሮው ይመጣል። ፎቶዎቹና ሰነዶቹ በቦታቸው ናቸው፤ ግን አንዱም አይከፈትም። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ አይታችሁት የማታውቁት ፊደል ተለጥፏል። አጠገባቸው ደግሞ ትናንት ያልነበረ ማስታወሻ አለ። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ መክፈቻውን ከፈለጋችሁ ይህን ያህል ክፈሉ ይላል።

ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም ራንሰምዌር ይባላል። ራንሰም ለታገተ ሰው ማስለቀቂያ የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። እገታ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያሳዝናል እንጂ። እዚህ የሚታገተው ፋይል ነው። የሚገርመው ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጣ መታገቱ ነው። እዚያው ተቀምጦ ይመሰጠራል፤ ቁልፉ አጋቹ እጅ ይቀራል። ምስጠራው ባንኮች ገንዘባችሁን የሚጠብቁበት ዓይነት ስለሆነ በግምት አይሰበርም። ኮምፒውተር የሚችል የጎረቤት ልጅ ብትጠሩም ብዙ ጊዜ አይፈታውም።

አንዳንዶቹ ግን አሠራራቸው ስህተት ስላለበት ወይም ቁልፋቸው ፖሊስ እጅ ስለገባ መፍቻ ተገኝቶላቸዋል። ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ድረ ገጽ እነዚህን መፍቻዎች በነጻ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል ከሁለት የሳይበር ደህንነት ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት ነው። ስለዚህ የተቆለፈውን ፋይል ተናዳችሁ አታጥፉት። ዛሬ መፍቻ ባይኖረው ከዓመት በኋላ ሊገኝለት ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ጆሴፍ ፖፕ የተባለ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ስለ ኤድስ መረጃ የያዘ የሚመስል ፍሎፒ ዲስክ በፖስታ ለብዙ ሺህ ሰዎች ልኳል ተብሎ ተከሰሰ። ዲስኩ ኮምፒውተሩን ቆልፎ 189 ዶላር ወደ ፓናማ ፖስታ ሣጥን ላኩ ይል ነበር። ፖስታ ሣጥን ግን ባለቤቱን ያጋልጣል። ስም ሳይገለጥ በኢንተርኔት የሚላከው ገንዘብ ቢትኮይን ሲመጣ ይህ ችግር ተቃለለ፤ እገታውም ሙሉ ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ መብራቱ ጉዳይ። ሰኔ 2017 ላይ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኖትፔትያ የሚባል ጥቃት ከዩክሬን ተነሳ። የገባው አገሬው ለግብር በሚጠቀምበት የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት በኩል ነው። ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ ግን የከፈለም ፋይሉን አያገኝም። ጭምብሉ ራንሰምዌር ይሁን እንጂ ሥራው ማውደም ነበር። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክም ዩክሬን ውስጥ ቢሮ ስለነበረው ተመታ። ወደቦች ቆሙ፣ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰለፉ።

ሜርስክ ማን ሠራተኛ እንደሆነና ማን የት መግባት እንደሚችል የሚመዘግቡ 150 ያህል ሰርቨሮች፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያገለግሉ ዋና ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሁሉም አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ ተብሎ ታስቦ ነው። ጥቃቱ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጠረጋቸው። በመጨረሻ አንድ ተገኘ፤ ጋና። ከጥቃቱ በፊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ውጪ ነበር። በመብራት መጥፋት ስንማረር ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ጣጣው ግን አላበቃም። መዝገቡ ከጋና የጥገናው ሥራ ወደሚካሄድበት እንግሊዝ በኢንተርኔት ይላክ ቢባል መስመሩ ቀርፋፋ ነው። ሰው ይዞት ይምጣ ሲባል ደግሞ የጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በረረ፣ ሀርድ ዲስኩን ለባልደረባው አቀበለ፣ ያ ደግሞ ወደ ለንደን ወሰደው። ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ጭኗል። ኪሳራውን ራሱ ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ታሪኩን ያረዘምኩት ባክአፕ የሚባለውን ነገር፣ መጠባበቂያ ቅጂን ማለቴ ነው፣ በደንብ ስለሚያሳይ ነው። 150 ቅጂ ነበር። የጠቀመው ያልተያያዘው አንዱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ሀርድ ዲስክም እንደዚያው ነው፤ ቫይረሱ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። ጎግል ድራይቭና ዋንድራይቭም የተቆለፈውን ፋይል ተቀብለው አሮጌውን ሊተኩት ይችላሉ፤ የቀድሞውን ቅጂ መመለስ የሚቻለው ለተወሰነ ጊዜ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ቅዱና ንቀሉት። ከስቱዲዮው ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤት አስቀምጡት። አልፎ አልፎም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንድ ሁለት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። የማይከፈት ባክአፕ ስንት ሰው አስለቅሷል።

በምን በኩል ይገባል? እኛ ዘንድ አንዱ ትልቅ በር ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር ማለት ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ሲጫን መመሪያው ብዙ ጊዜ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል። ሌባው ዘበኛውን አሰናብቱልኝ እያለ ነው፤ እኛም እናሰናብታለን። ሌላው የማይታደስ ዊንዶውስ ነው። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያተራመሰው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር። ፓስወርድም አለ። በ2021 የአሜሪካው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የነዳጅ መስመሩን የዘጋው፣ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያልነበረው አንድ አሮጌ አካውንት በር ስለሆነ ነው። 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ፤ የተሰጠው መፍቻ ግን ቀርፋፋ ስለነበር በራሱ ባክአፕም መሥራት ነበረበት።

ከደረሰባችሁ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ማስታወሻውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ደንግጣችሁ ባክአፑን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አትሰኩ፤ እሱም ይበላል። መሥሪያ ቤት ከሆነ ለኢንሳ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማሳወቅ ነው።

አንድ ነገር ግን በባክአፕ አይፈታም። የዛሬ አጋቾች ከመቆለፋቸው በፊት ፋይሉን ገልብጠው ይወስዳሉ። ካልከፈላችሁ አደባባይ እናወጣዋለን ይላሉ። ይህ ሲሆን ዋናው ጥያቄ መጀመሪያውኑ ምን አስቀምጣችሁ ነበር የሚለው ነው። የደንበኛ መታወቂያና ፓስፖርት ስካን አድርጎ ዴስክቶፕ ላይ ለዓመታት የሚያከማች ቢሮ ብዙ ነው። ጉዳዩ ያለቀ ሰው ስካን እዚያ የሚቀመጥበት ምክንያት ከሌለ ዛሬውኑ ይጥፋ።