«ከለር ኦፍ ሎው»፦ ቀለሙ የምን ቀለም ነው?

አሜሪካ ውስጥ «ፖሊስ ኤክስፕሎረር» የሚባል ፕሮግራም አለ። ከ14 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው የፖሊስ ሥራ ይለማመዳሉ፣ በፓትሮል መኪናም አብረው ይዞራሉ። በተለያዩ ግዛቶች እነዚህን ልጆች በወሲብ የበዘበዙ ፖሊሶች ተከሰው ተፈርዶባቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሄድ «ከለር ኦፍ ሎው» (ቃል በቃል «የሕግ ቀለም») የሚል ቃል ሊመጣ ይችላል። ከቆዳ ቀለም ጋር አይገናኝም። «ከለር» እዚህ ጋ ካባ እንደማለት ነው፤ የመንግሥትን ሥልጣን ደርቦ የሰውን መብት መጣስ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የፖሊሱ ሥልጣን ይህን አይፈቅድለትም፣ ስለዚህ የግል ጥፋቱ ነው» ሲል ነው። ተገላቢጦሽ ነው! ከሥልጣኑ ቢያልፍም፣ በፖሊስነቱ ተጠቅሞ ካደረገው ሕጉ ይይዘዋል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ባጁን አውጥቶ ቢያስፈራራም እንኳ። ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ቢጣላ ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ አስቡት፦ ማታ ነው፣ የ16 ዓመት ልጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፣ መኮንኑ መንገድ ቀይሮ ጨለማ ፓርኪንግ ውስጥ አቆመ። ሬዲዮው በእጁ፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ የድጋፍ ደብዳቤዋንም የሚጽፈው እሱ።

«እሺ ብላ ነው» የሚለው መከላከያ እንደየግዛቱ ነው። የፈቃድ ዕድሜ አንዱ ጋ 16፣ ሌላው ጋ 17 ወይም 18 ነው፤ አንዳንዶቹ በልጁ ላይ ሥልጣን ላለው ሰው ይህን በር ዘግተዋል፣ ሌሎቹ (የሚያናድደው ይሄ ነው) ክፍት ትተውታል።

የፌዴራሉ ቅጣት መነሻው እስከ 1 ዓመት ነው። የአካል ጉዳት ካለ እስከ 10 ዓመት፣ ከባድ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል።