ኬሞን አልበገር የሚሉ የሬቲኖብላስቶማ ሴሎች

ሬቲኖብላስቶማ በዓይን ውስጠኛ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ሬቲናን የሚይዝ የሕጻናት ካንሰር ነው። ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ከሚወለዱ ልጆች አንዱን ያገኛል። አብዛኞቹ ታማሚዎች 5 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። መነሻው ብዙውን ጊዜ የአርቢ1 ጂን ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት ነው።

ካርቦፕላቲን፣ ቪንክሪስቲንና ኢቶፖሳይድ በጋራ የሚሰጡ የታወቁ የኬሞ (የኬሞቴራፒ) ማለትም የካንሰር ሴሎችን የሚገድሉ መድኃኒቶች ናቸው። ካርቦፕላቲንና ኢቶፖሳይድ ዲኤንኤውን ይጎዳሉ። ቪንክሪስቲን የሴሉን መከፋፈል ያስቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ራሱን ማጥፋት ያለበት ሴሉ ነው። ኬሞ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው። ሴሉ ተጎድቶም አልሞት ይላል።

ዋናው የሞት ትእዛዝ ሰጪ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ነው። በብዙ ካንሰሮች የዚህ ፕሮቲን ጂን ራሱ ይበላሻል። በሬቲኖብላስቶማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ኤምዲኤምኤክስ የተባለ ፕሮቲን ከልክ በላይ ተመርቶ ፒ53ን አፍኖ ይይዘዋል። በ2012 ደግሞ ሲክ የተባለው ኢንዛይም ኤምሲኤል1 የሚባለውን ፀረ ሞት ፕሮቲን እንደሚደግፍ ታወቀ። ኤኬቲ የተባለ ፕሮቲንም አለ፤ እሱ ሞትን የሚያስጀምሩ እንደ ባድ ያሉ ፕሮቲኖችን ከሥራ ውጭ ያደርጋል።

እኔ ተስፋ የማየው እዚሁ ላይ ነው። ፒ53 ካልተበላሸ፣ አፍኖ ከያዘው ፕሮቲን ማስለቀቅ ይቻላል። ነትሊን-3 የተባለ ውህድ ቶፖቴካን ከተባለ የኬሞ መድኃኒት ጋር በእንስሳት ዓይን ሲሞከር ዕጢውን በእጅጉ አሳንሷል። ከዚያ እስከ ልጆች ሕክምና ያለው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።

ሁሉም ነገር በሴሉ ውስጥ የሚተላለፍ የሞት ትእዛዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዕጢው ተገንጥለው በዓይን ውስጥ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚንሳፈፉ የካንሰር ቅንጣቶች አሉ። የደም ሥር ስለሌላቸው በደም የሚሄደው መድኃኒት በደንብ አይደርሳቸውም። ኦክስጅንም ያጥራቸዋል፤ ዝግ ብለው የሚከፋፈሉት ደግሞ ለኬሞ ብዙም አይመቹም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሜልፋላን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በቀጭን መርፌ ዓይኑ ውስጥ የሚወጉት።

ዕጢው በቆየ ቁጥር መድኃኒት የሚቋቋሙ ሴሎች የማፍራት ዕድሉ ይሰፋል። በአገራችን ብዙ ልጆች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዓይናቸው ካበጠና ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ግን ቤት ውስጥ ይታያል፦ በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የአንዱ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ሲያበራ፣ ወይም ልጁ ሸውራራ ሲሆን። ያኔ ቀጠሮ ሳያራዝሙ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።