የፖስታ ሠራተኞች ቅሬታና የማኅበር ጥብቅና በባሕር ዳር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ፖስታ ቤት ዛሬም የመንግሥት ድርጅት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው በሥራው ቅሬታ ሲያድርበት፣ ጉዳዩ የሚታየው እንደ ክልል ቢሮ ሠራተኛ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ጊዜ ይበላል።

እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚገባው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። ከጣና ዳር ለመጣ ባለጉዳይም የፖስታ ቤት ፊት መስኮቱ ነው። ሠራተኛው የአደራ ዕቃ ይረከባል፣ ሐዋላ ይከፍላል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። አንድ ጥቅል ሲጠፋ ወይም ሒሳብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ዝውውር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የዓመት ፈቃድም ቅሬታ ያስነሳሉ።

የሠራተኛ ማኅበሩ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን አረጋግጧል። በአዋጁ መሠረት 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የማኅበር አባል መሆን ወይም በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቅሬታው በየትኛው ደረጃ፣ ለማን እንደሚቀርብ ደግሞ ማኅበሩና ድርጅቱ በኅብረት ስምምነት ይወስናሉ።

በእኔ እምነት የጥሩ የማኅበር ተወካይ ትልቁ ሥራ ወረቀትና ቀን መጠበቅ ነው። ሠራተኛው በቃል የተናገረው ነገር በጽሑፍ ይስፈር፣ ቀን ይያዝ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው። አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ «ጥፋቱን መቼ አወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከረጅም ክርክር ይበልጣል። ተወካዩ ይህን ካልጠየቀ ማን ይጠይቅለታል?

በሠራተኛው በኩልም ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ ማቅረብ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አለ፤ ይህኛው ያሳስበኛል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ዳር የአባይን በረሃ ተሻግሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ከላይ መልስ እስኪመጣ ታገስ» የተባለ ሰው ሦስቱ ወር ሳያስበው ያልቅበታል። የአለቃን መልስ መጠበቅ ብቻውን ይርጋውን አያቆምም። ንቁ ማኅበር ሽምግልናውን እየሞከረ ክሱንም ጎን ለጎን ያዘጋጃል። የማኅበር መሪዎች የሥራ ክርክር ለማቅረብ ከነደመወዛቸው ፈቃድ የማግኘት መብት አላቸው።

የሠራተኞችን የጋራ ጉዳይ የሚመለከተው የወል የሥራ ክርክር ሌላ መንገድ አለው። አስማሚ ይመደባል፤ ካልተሳካ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። ከማኅበሩ በላይ ፌዴሬሽኖች አሉ፤ ከነሱም በላይ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) አለ።

የአንድ ሰው ስንብት ግን የሚታየው በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሊመለስ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንለት ይችላል።