የስትራቴጂ ጌም ችሎታና ሥነ ልቦናው፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብርዷን የማያውቅ የለም። በጌም ቤቶቿ የነገሠው የፕሌይስቴሽን ኳስ ነው። የስትራቴጂ ጌም ቤቱ የተማሪ ላፕቶፕና ስልክ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

በዚህ ዓይነት ጌም ተጫዋቹ ሀብት ይሰበስባል፣ ይገነባል፣ ጦር ያሰለጥናል፣ ያጠቃል። ስታርክራፍት (እ.ኤ.አ. 1998) እና ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 (1999) ስማቸው የገነነ ነው። ሁለተኛው በ2015 በወጣ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው አስገብቷል፤ ዮዲትም የራሷ ዘመቻ አላት። በሁለቱም ተራ መጠበቅ የለም። ይህ ለሀገራችን ሰው ብዙም እንግዳ አይደለም። የጥንቱ የመኳንንት ሰንጠረዥ (የሀገራችን ቼዝ) መክፈቻ ወረራ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፉ ነበር።

ዳር ቆሞ ለሚያይ ችሎታው የእጅ ፍጥነት ይመስላል። በደቂቃ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዛት ኤፒኤም ይባላል፤ የስታርክራፍት ጎበዞች ከ300 ያልፋሉ። ግን ከዚያ ውስጥ ስንቱ ጣት ማሟሟቂያ ነው! በ2019 አልፋስታር የተባለው፣ ዲፕማይንድ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ፕሮግራም፣ ፍጥነቱ ወደ ሰው ልክ ተገድቦም፣ በስታርክራፍት 2 ደረጃ ከተሰጣቸው ተጫዋቾች 99.8 በመቶውን በልጧል።

ትልቁ ነገር ምን እንደሚታይ ማወቅ ነው። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ጎበዝ ተጫዋች ገና በጠዋቱ ቃኚ ፈረሰኛውን ወደ ተጋጣሚው ሰፈር ይልካል። ገበሬዎቹ ከወዲሁ ወርቅ መቆፈር ከጀመሩ ቀስተኛ ሊመጣ ይችላል ብሎ ይጠረጥራል፤ ቀስተኛ እንጨትና ወርቅ ነው የሚበላው። ጀማሪውም ያንኑ ገበሬ አይቷል፤ ግን ምንም አልነገረውም። ተመራማሪዎቹ ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን በ1973 በቼዝ ጨዋታ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ጎበዞች የእውነተኛ ጨዋታን አሰላለፍ ለ5 ሰከንድ አይተው በደንብ ያስታውሳሉ። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫቸው ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። የማስታወስ ኃይላቸው ከልምድ በተገነቡ ቅርጾች ላይ የቆመ ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከ16 እስከ 44 ዓመት የሆናቸው 3,305 የስታርክራፍት 2 ተጫዋቾችን መረጃ መርምረው ምላሽ የመስጠት ፍጥነት ከ24 ዓመት ጀምሮ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ተለቅ ያሉት ግን ቀለል ያለ ስልት እየመረጡ ጉድለቱን ይሞላሉ። ሠላሳ ላለፍነው መጽናኛ ነው።

ብዙውን ሰው የሚጥለው ግን እልህ ነው። አንዴ ይሸነፋል፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ» ይላል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይሸነፋል። እልህ ምላጭ ያስውጣል። የተናደደ ሰው ቃኚ መላክ ይረሳል፤ ጦሩን ሳያሟላ ይሄዳል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ እያሸነፍክ መብራት እልም ይላል። ኮኔክሽን ሲንቀረፈፍም ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የለመደው ተጫዋች ቀድሞ ገምቶ ያዝዛል። ችግሩ እውነት ነው፣ ግን ሰበብም ይሆናል። ሽንፈቱን ሁሉ በላግ (በኮኔክሽን መዘግየት) የሚያሳብብ ሰው የራሱን ስህተት መፈለግ ያቆማል።

ልምምድም ዓይነት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እንዳስረዱት፣ የሚያሻሽለው ድክመት ተለይቶ፣ ውጤቱ እየታየ የሚደረግ ልምምድ ነው። ለጌመር ይህ ማለት የተሸነፈበትን ጨዋታ ቅጂ ከፍቶ የት እንደተበላሸ መፈለግ ነው። ቅጂው ኢንተርኔት ሲጠፋም ብዙ ጊዜ ይሠራል። በጥንድ ሆኖ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጓደኛ አያዝንም።

እንቅልፍን ብዙዎች ይንቁታል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ልጆቹ በጋቢ ተጠቅልለው እስኪነጋ ይጫወታሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምላሹ ይዘገያል፣ ትኩረቱም ይቆራረጣል። በዚያ ላይ ቀን የተለማመዱት የጣት ቅልጥፍና እንዲረጋ እንቅልፍ ያግዛል።