ስለ ላስታና ላሊበላ የሚነገሩ ስህተቶች፦ ከገና እስከ አሸንድዬ

ብዙ ሰው ላሊበላን የሚያውቀው በአንድ ፎቶ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ፣ ጣሪያው ላይ መስቀል ተቀርጾበት። ከዚያ «ገናን ላሊበላ እንዋል» ይባልና ጉዞው በአንድ ቀን ይታሰባል። ላስታ ግን ሰፊ አገር ነው፤ በዓሉም ዓመቱን ሙሉ አያልቅም። ስለ አካባቢው ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እዚህ ላነሳ ነው።

«ላሊበላ ማለት ያ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው»

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ያለ ነው። በስፋት ትልቁ ቤተ መድኃኔዓለም ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ የተሠሩ የሚመስላቸውም አሉ። ዙሪያቸውን ከአለቱ ሙሉ በሙሉ ተላቀው የቆሙት ግን 4 ብቻ ናቸው፦ መድኃኔዓለም፣ ማርያም፣ አማኑኤልና ጊዮርጊስ። የቀሩት በጣሪያ ወይም በግድግዳ ከአለቱ ጋር እንደተያያዙ ናቸው።

አሠራሩን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተደረበም። ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው፤ መጀመሪያ ዙሪያው ተቆፈረ፣ ከዚያ ውስጡ ተቦረቦረ። ዓምዱም፣ ቅስቱም፣ መስኮቱም ያው አለት ነው። አንዴ በስህተት የተቆረጠ ነገር ተመልሶ አይለጠፍም። ይህን አውቆ ቤተ አማኑኤል ፊት የቆመ ሰው ቶሎ አልፎ ለመሄድ እግሩ አይታዘዝለትም።

«የውጭ ሰዎች ናቸው የሠሩት»

ይህ አባባል ያሳዝነኛል። ከአውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ሠሩት የሚለው ወሬ እስካሁን ይዞራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። መልሱ እዚያው አካባቢ ቆሞ ይታያል። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙዎች እሱም ከአለት የተፈለፈለ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ትልቅ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ እንደ አክሱም ግንበኞች ወግ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠ የዛግዌ ንጉሥ ነው።

አሁን የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ተመልከቱ። ያው ገባ ወጣ ያለ ረድፍ አለቱ ላይ ተቀርጿል። ጠራቢዎቹ አባቶቻቸው በእንጨት የሠሩትን በድንጋይ ደገሙት። ከአክሱም እስከ ላስታ አንድ ሆኖ የመጣ የአገር ሙያ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ቀን ላየ ሰው ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

«ገናን ለማየት የበዓሉ ዕለት መድረስ ይበቃል»

በዕለቱ የደረሰ ሰው ዋናው ነገር አምልጦታል። ምእመናን ቀደም ብለው መግባት ይጀምራሉ፤ ከሩቅ አገር በእግራቸው ቀናት ተጉዘው የሚመጡም አሉ። ዋዜማው ሌሊቱን ሙሉ ነው። የበዓሉ ልብ ደግሞ ጧት በቤተ ማርያም የሚዘመረው «ቤዛ ኩሉ» ነው። ካህናቱ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ ይሰለፋሉ፣ ግማሹ ከታች ቅጥሩ ውስጥ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ያንን ቅብብል ከሕዝቡ መሐል ሆኖ መስማትን የመሰለ ነገር የለም።

ሌላም አለ። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው። ቀን ስትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። ትኬት ቀድሞ ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግርግር የማይወድ ሰው በገና ካልሆነ ብሎ አይጨነቅ። ጥምቀት ጥር 11 አለ። የንጉሡ ዕረፍት ሰኔ 12 ይታሰባል። ወሎን ዞር ዞር ለሚል ደግሞ መስከረም 21 ግሸን ማርያም አለች፣ አምባሰል ላይ፣ መስቀለኛው አምባ።

«ክረምት ላይ የሚታይ የለም»

ጭቃው እውነት ነው፤ መንገዱም ይፈትናል። ግን የልጃገረዶቹ በዓል የሚመጣው በዚያው ዝናብ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ላስታ ውስጥ አሸንድዬ ይጀምራል። ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ለምለሙን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ያወድሳሉ፣ ይመረቃሉ፣ ስጦታ ይቀበላሉ። ለቀናት ነው የሚቆየው።

«አሸንድዬ፣ ሻደይ፣ ሶለል፣ አሸንዳ፤ የቱ ነው ትክክለኛው?» የሚል ሙግት በየዓመቱ ይነሳል። ሁሉም ትክክል ናቸው። ዋግ ላይ ሻደይ ነው፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ። ወቅቱ አንድ ነው፣ ቄጠማውም አለ፤ ዜማውና ወጉ የየአካባቢው ነው። መነሻውንም አንዱ ከእመቤታችን ዕርገት፣ ሌላው ከኖኅ ዘመን፣ ሌላው ከዮፍታሔ ልጅ ጋር ያያይዘዋል። አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን መንጠቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹ ለካሜራ የመጡ አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ሲቀዱና እንጨት ሲለቅሙ ከርመው የራሳቸውን ቀን ነው የሚያከብሩት። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

«አብያተ ክርስቲያናቱ ሙዚየም ናቸው»

አይደሉም። ቅዳሴ አለ፣ ክርስትና ይነሳል፣ ፍትሐት ይደረጋል። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ መቅደሱ ውስጥ አይገባም። ቤተ ጎልጎታ ደግሞ በወጉ ሴቶች አይገቡበትም፤ እዚያ ደርሶ ከመከፋት ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

«በአንድ ቀን አይቼ እመለሳለሁ»

11ዱን ብቻ ተረጋግቶ ለማየት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ይምርሐነ ክርስቶስ የራሱ ቀን ይፈልጋል። አሸተን ማርያም ተራራው ላይ ናት፤ በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታ ይጠራቀማል።

ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ከተማዋ እንግዳ ርቋት ተጎድታለች። አስጎብኚውም፣ በቅሎ አከራዩም፣ ጠጅ ቤቱም በእንግዳ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ፤ ደህና ከሆነ ደግሞ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙና አዳር ጨምሩ። ጉልበት ካላችሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ። ጭላዳው፣ ጅባራው፣ ዕድል ከቀና ቀይ ቀበሮውም እዚያ ነው። ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ።